አባቴ የካደው ወንድም

አባቴ ከራሱ ጀምሮ ወደ ኋላ አሥራ አራት አባቶች ይቆጥር ነበር፤ ሳይደናቀፍ፣ ዐይኑን ጨፍኖ። ታናሽ ወንድሜን ፊደል ከማስቆጠሩ በፊት እሱኑ አስጠናው። እኔን ማንም አላስጠናኝም። ሴት ልጅ የሰው ቤት ስም ልታስቀጥል ነው የምትሄደው፤ የአባቶቿ ስም ምን ይሠራላታል? እኔ ግን ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ከወንድሜ ቀድሜ ያዝኩት። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ "አባባ፣ ሦስተኛው አባታችን በምን ሞቱ?" አልኩት።

"ሰው በሚሞትበት ነዋ።"

"አራተኛውስ?"

"ወግጂ ከዚህ!"

ዛሬ በስተርጅና ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እኛ የሆሳዕና አካባቢ ሰዎች ማን ከማን እንደተወለደ አንስትም። ጎሳውን፣ የመጣበትን፣ በየት በኩል ከማን ጋር እንደሚገናኝ እናውቃለን። በምን እንደሞተ ግን አንጠይቅም፤ ቢነገረንም አንይዘውም። ስሙን አጥበን፣ አጽድተን ለልጅ እንሰጣለን። ከስሙ ጋር ሌላ ምን አብረን እንደምንሰጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አላየሁም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ሞርሲቶ የምትባል ከተማ አጠገብ ገበሬ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ መንትያ ናቸው ይል ነበር፤ ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው ሲቆጣ የሚርገበገብ ቅንድብ። እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አጎቴ ታመመና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚስቱን እንዳግዝ ላኩኝ። ጧት ተነሥቶ ከጓሮ እንሰቱ ውስጥ ይገባና ለረጅም ጊዜ ይቆማል። ሱሪው ረጥቦ፣ ፊቱ ተኮማትሮ ይመለሳል። ተመልሶ ሳይቀመጥ እንደገና ይወጣል። ሚስቱ የገብስ ውሃ እያፈላች ታጠጣዋለች። "ብርድ መቶት ነው" ትላለች። ጎረቤት ደግሞ አጥር ሥር እየቆመ ጨብጥ ነው እያለ ያማዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከአንዲት ሚስቱ ሌላ የማያውቀውን ሰው። ቆይቶ ወገቡን ያዘው፤ ከዚያ የዳሌውን አጥንት። በመጨረሻ ሲያገላብጡት ይጮህ ነበር። ሲሞትም፣ ለለቀስተኛው ሁሉ የተነገረው ብርድ ነው።

ከሱ በፊት የሁለቱ እኅት፣ ሾኔ ከተማ ያገባችው አክስቴ ሞታለች። ጡቷን በጨርቅ ጠምጥማ ለማንም ሳታሳይ ከርማ። የሷ "የሴት በሽታ" ተባለ፤ እሱም ተቀበረ። ሁለቱን ሞት አንድ ላይ አንሥቶ ያወራ ሰው ከቤታችን አልነበረም። የወንዱ ብርድ፣ የሴቷ የሴት። አለቀ።

አባቴ ሆሳዕና ከተማ መምህር ነበር፤ ምክትል ዳይሬክተርም ሆኖ ይሠራል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ከዱራሜ በኩል የመጣ አንድ ወጣት መምህር ወደደኝ፤ እኔም ወደድኩት። ይህን አልደብቅም፤ ዐይኑን ሳይ ልቤ ይመታ ነበር። እኛ ተስማማን፤ ግን በእኛ አገር የሁለት ሰው መስማማት ምንም ማለት አይደለም። ሽማግሌ መጣ።

አተካናው፣ የቡላ ምግባችን፣ በቅቤ ርሶ ቀርቦ፣ ከተበላ በኋላ ወደ ነገሩ ገቡ። ያኔ በየግድግዳው ሰው ሁሉ እኩል መሆኑ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በየቀበሌያቸው የሚፈክሩ ካድሬዎች ናቸው። እቤታችን ቁጭ ብለው የጠየቁት ግን በዘራችሁ ሸክላ ሠሪ አለ ወይ? ቆዳ ፋቂስ? ቁምጥና የያዘው? የሚጥለው? የሚያብደው? እያሉ ነው። አባቴ ለሁሉም "የለም፣ ንጹሕ ነን" አለ። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ ቆጠረላቸው። ሰባት ይበቃቸው ነበር፤ እሱ አሥራ አራቱንም ጨረሰው። ረክተው ሄዱ። ሠርጉ ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በሩ ሲዘጋ አባቴ ወደ ጓሮ ሮጠ። እኔ በመስኮት አየሁት። እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ቆየ። እዚያው ቀረ እስክል ድረስ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ የአጎቴን ፊት መስሎ ነበር። ያን ዕለት ከጧት ጀምሮ አንዲት ጉንጭ ውሃ እንዳልቀመሰ እናቴ ነገረችኝ። እንግዳ ሲመጣ፣ ስብሰባ ሲኖር፣ ክፍል ሲገባ ውሃ አይጠጣም። የትም ቢሆን የሚቀመጠው በር አጠገብ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከርሟል ማለት ነው።

"አባባ፣ አጎቴን የያዘው ነው" አልኩት።

"ብርድ ነው" አለኝ። እሱም።

"ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ከሠርግሽ በኋላ። አሁን ሐኪም ቤት ደጃፍ ተሰልፌ ማን እንዲያየኝ ነው የምትፈልጊው?"

ያን ጊዜ የጸሎት ቤታችን ተዘግቶ የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆኖ ነበር። ድሮ ተንበርክከን የጸለይንበት ወለል ላይ በየሳምንቱ እየተሰበሰብን መፈክር እናሰማለን። እኛ የምንጸልየው በየሰው ቤት ተደብቀን ነው፤ ቀበሌውም ይህን ያውቃል፤ ግን እጅ ከፍንጅ ሊይዘን ይፈልጋል። ስለዚህ ስብሰባ መሀል ተነሥቶ የሚወጣ ጴንጤ ሁሉ መልእክት ሊያደርስ የወጣ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ስለ ምን እንደሆነ የማላስታውሰው ረጅም ንባብ ሲነበብ አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ወጣ። እኔና እናቴ ከሴቶች ማኅበር ጋር ከኋላ ነን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ሊቀ መንበሩ ንባቡን አስቆመ።

"ጓድ መምህር! ይህ አብዮታዊ ስብሰባ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት? ማንን አግኝተው ነው የሚመላለሱት?"

ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ አንድ እግሩን ወደ በሩ እንዳደረገ ቆሟል። "አሞኛል፣ ሽንት አስቸግሮኛል" ቢል ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር፤ ምናልባት ይሳቅበት ነበር፣ ከዚያ ይቀመጣል። እሱ ግን ወደ መካከለኛው አግዳሚ ወንበር አየ። እኔም አየሁ። የእጮኛዬ አጎት፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እዚያ ተቀምጠዋል።

"ግለ ሂስ አደርጋለሁ" አለ አባቴ። "የዲሲፕሊን ጉድለት ነው።"

"ጉድለቱን አላጣነውም። የወጡበትን ምክንያት ነው የጠየቅነው።"

"ሰልችቶኝ ነው።"

"ምን?"

"ስብሰባው። ስብሰባው ሰልችቶኝ ነው።"

ከወጣቶቹ አንዱ አፉን አፍኖ ሳቀ፤ የከፋውም ይኸው ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ሳቁን ሲሰማ ደም ሥሩ ተገተረ። እናቴ ጭኔን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ ጥፍሯ የተቀበረበት ቦታ ሲያመኝ ሰነበተ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጥንቁቅ ሰው ነው። ደብዳቤ እንኳ ሁለቴ ሳያነብ አይፈርምም። ያን ቀን በደርግ ዘመን፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ ስብሰባው ሰለቸኝ አለ። አድሃሪ መባልን ከበሽተኛ መባል መረጠ። በአድሃሪነት የተጠረጠረ ሰው ልጅ ትዳራለች፤ በዘሯ በሽታ ያለባት ግን ትቀራለች። ሒሳቡ ይህ ነው፤ እኔ ሳልጠየቅ፣ በእኔ ስም የተሰላ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ድሮ የጸሎት ቤቱ ወንበሮች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ አሰሩት። ምክትል ዳይሬክተርነቱም በዚያው ቀረ። ቆጮና ጎመን እየያዝኩ እመላለሳለሁ፤ ምግቡን ይቀበለኛል፣ ውሃውን ይመልሰዋል። "ጠጣ እንጂ አባባ" ስለው ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ጧት ስደርስ ጠባቂው ራሱ ወደ እኔ እየሮጠ መጣ። ከኛ ሰፈር የሆነ፣ አባቴ ያስተማረው ልጅ ነው። "እቴቴ፣ ሽንት እንቢ ብሎት ሲጮህ አደረ፤ ሊቀ መንበሩን ለምኜ አስፈቅጃለሁ፣ ቶሎ ሰው ጥሪ" አለኝ። በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሆዱ ተወጥሮ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ፊቱን በጋቢ እንድንሸፍንለት ይለምናል፤ መንገደኛው እንዳያውቀው።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር። የሚያስተረጉምለት ድሬሰር ደግሞ፣ ዕድላችን ሆኖ፣ የእጮኛዬ እናት የሥጋ ዘመድ ነው። በጎማ ሽንቱን አወረዱለት። አባቴ ሲቀለው አለቀሰ፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ ግንባሩን ቋጠረና ከድሬሰሩ ጋር ተነጋገረ። እናቴ ልብስ ልታመጣ ሄዳለች፤ አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ።

"መምህር" አለ ድሬሰሩ፣ "ሐኪሙ የሚለው፣ ከፊኛዎ በታች ያለው ዕጢ ማበጡ ብቻ ሳይሆን ጠንከር ብሏል። በዕድሜም እንዲያ ይሆናል። ግን አባትዎ ወይም ወንድምዎ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረባቸው ወይ? በቤተሰብ ካለ ሳይውል ሳያድር አዲስ አበባ ሄደው ይታዩ ይላል።"

"የለም" አለ አባቴ።

"ታላቅ ወንድሙ እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው!" አልኩ። ከአፌ አፈትልኮ ሳይሆን ሆን ብዬ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። "የሞርሲቶው! ሽንት ከልክሎት፣ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ! እኔ ነኝ ያስታመምኩት!"

ድሬሰሩ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ እኔን አላየኝም። ጣሪያውን እያየ፣ አባቶቹን በሚቆጥርበት በዚያው የተረጋጋ ድምፅ፣ "እሱ የአባቴ ልጅ አይደለም" አለ። "አባቴ ያሳደገው የሰው ልጅ ነው። ደም አንገናኝም።"

ድሬሰሩ ያን ተረጎመ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ እፎይ ያለ መሰለኝ። እንግዲያው የዕድሜ ነው፣ ጎማው ጥቂት ይቆይለት፣ ካልተሻለው ይመለስ አለ። ድሬሰሩ ሲወጣ አባቴ ላይ ጮኽኩበት። "እንዴት እንዲህ ትላለህ? አንድ ማኅፀን የተኛችሁትን!"

በሀዲያ ቋንቋ መለሰልኝ፤ እቤት የምንነጋገርበት በሱ ነው። "ዝም በይ" አለኝ። "ቀንሽን አታበላሺው።"

በሕመሙ ምክንያት ወደ እስር አልመለሱትም፤ መስቀል ሲያልፍ አገባሁ። በሠርጌ ዕለት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በር አጠገብ፣ ትራስ ላይ ተቀምጦ ፈገግ እያለ ዋለ። ሁሉም አባትሽ እንዴት ደስ ብሎታል ይሉኛል። ጥርሱን ነክሶ እንደነበር የማውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ሠርጉ ሲያልፍ ወገቡ ጀመረው። አዲስ አበባ የሄደው ያን ጊዜ ነው። እዚያ ያሉት ሐኪሞች አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ ዘግይታችኋል ብለው መለሱን። የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ቀበርኩት። እኔን ለመዳር ሲል ሞተ ይሉኛል ሰዎች፣ እንደ ትልቅ ነገር። ማን ለመነው? ባል ከማግኘትና አባት ከማትረፍ ምረጪ ቢለኝ መልሴን አያውቀውም ነበር? ይወደኝ ነበር፤ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

ለቅሶው ላይ የሞርሲቶው አጎቴ ልጆች መጡ። ከግቢው አልገቡም። ከአጥሩ ውጭ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ወጥቼ ግቡ ብላቸው ትልቁ፣ "እኛ የሰው ልጆች ነን፤ እዚሁ ይበቃናል" አለኝ። የሐኪም ቤቱ ወሬ ሞርሲቶ ደርሶ ነበር። እስኪቀበር ቆመው፣ ቆመው ሄዱ። ግንባራቸው የአባቴ ግንባር ነው።

ከዓመት በኋላ፣ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ አማቴ ቤት ሳለሁ፣ ይህ ሁሉ ሲያንቀኝ ለአማቴ፣ ለባሌ አባት፣ ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን እያገላበጡ፣ "የአጎትሽን ነገር ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ገበያ ላይ ሰምተን ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን መጣችሁ?"

"ልጄ ወደደሽ። እኛም ወደድንሽ።"

"እንግዲያው አባቴ ተናግሮ ቢሆን ምንም አይመጣም ነበር ማለት ነው?"

አማቴ አሰቡ። ሐቀኛ ሰው ነበሩ፤ ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር። "እንደሱማ አይደለም" አሉ። "ቢናገር ተነሥተን እንሄድ ነበር። የሰማነውን እንዳልሰማን ማድረግ እንችላለን። ፊት ለፊት የተነገረንን ግን ምን እናደርገዋለን?"

ያን ቀን ቤት ሄጄ ሳህን ሰበርኩ፤ አንድ ሳይሆን በእጄ የገባውን ሁሉ። ሁሉም ያውቁ ነበር። አባቴ የሞተው ለምስጢር እንኳ አይደለም።

ልጄ ካደገ በኋላ አንዲት ሐኪም በደንብ አስረዳችኝ። የፕሮስቴት ካንሰር አባትን ወይም ወንድምን ከያዘ የልጅም ሆነ የሌላው ወንድም ዕድል ከፍ ይላል፤ ግድ ይይዘዋል ማለት ግን አይደለም፣ ብዙ ሰው ሳይያዝ ያረጃል፤ በቤተሰቡ ማንም ሳይኖር የሚይዘውም አለ። ስለዚህ ከሌላው ሰው ቀደም ብሎ መታየት ነው አለችኝ። ከዚያ ስለ እናቶችና አክስቶች ጠየቀችኝ። የሾኔዋን አክስቴን ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። በአንዳንድ ቤተሰብ የሴቷን የጡት ካንሰርና የወንዱን የሚያመጣው አንድ ዓይነት የውርስ ጉድለት እንደሚሆን፣ በሴት ልጅ በኩልም ለወንድ የልጅ ልጅ ሊተላለፍ እንደሚችል ነገረችኝ። "በእኔ በኩል?" አልኳት። "በእርስዎም በኩል።" ሳቄ መጣ፤ ደስ ብሎኝ አይደለም። አሥራ አራት ወንድ ሲቆጠር ጓዳ የተቀመጥኩት እኔ፣ ጨርቅ ጠምጥማ የሞተችው አክስቴ፣ ከቁጥር ውጭ የሆንነው እኛ፣ ነገሩን ይዘነው ኖረን ይሆናል። ወንዶቹ ደግሞ ስም ይቆጥራሉ።

ልጄን አስመረመርኩት፤ እስካሁን ደኅና ነው፣ በየጊዜው ይታያል። ወንድሜ ግን አይሰማም። ሄጄ ነገርኩት፣ ደውዬ ነገርኩት፣ ተቆጣሁት። "እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ብርድ እንኳ አይመታኝም" እያለ ይስቅብኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወንድሜ ሴት ልጅ ሽማግሌ መጣ። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ የሚያገባት ልጅም የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ሞባይላቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። ወንድሜ "የለም፣ ንጹሕ ነን" አለ። መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ተመለሰ። ውሃ ቀረበለት፤ አልነካውም። አሁንም ይቅርታ ብሎ ወጣ። እሱ እስኪመለስ ያጎታችን ልጅ ይቁጠር ተባለና ቆጠራው ተጀመረ። የሞርሲቶው ነው፤ ከስንት ዓመት ልመና በኋላ ገና ያን ዓመት ነበር ከቤታችን የገባው።

ወደ ጓሮ ተከትዬው ወጣሁ። እንሰቱ ውስጥ አንድ እጁን ግንዱ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ አልዞረም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ብርድ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ!"

"ዝም በይ" አለኝ፣ በዚያው በቤታችን ቋንቋ። "የልጅቷን ቀን አታበላሺባት።"

ተመልሼ ገባሁ። አምስተኛው አባት ላይ ደርሰዋል። "ቆዩ" አልኳቸው። ሴት እንደዚያ ባለ ቦታ አትናገርም፤ ደንግጠው ቆሙ። አጎቴ በምን እንደሞተ ነገርኳቸው፣ በዚያው በሚቆጥረው ልጁ ፊት፤ የአባቴ ወንድም እንደነበረ፣ አንድ አባት አንድ እናት እንደሆኑ ጭምር። አባቴ በምን እንደሞተ ነገርኳቸው። አክስቴ በምን እንደሞተች ነገርኳቸው። "ይኸ ጓሮ የቆመውም ወንድሜ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ነገ" አልኩ። ያጎቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ከዚያ አማቴ እንዳሉት ተነሥተው ሄዱ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ጊዜው ሳያልፍ ነው አሉት። ይህን የነገረችኝ ያቺው ያላገባችው ልጁ ናት፤ እሷም ብዙ አታወራኝም። ወንድሜ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። በመንገድ ሲያየኝ ይሻገራል፤ ወገቡ ቀጥ ብሎ፣ እየረገጠ ይሻገራል፣ እኔም ቆሜ አየዋለሁ። አባቴ እየወደደኝ ሞተ፤ ወንድሜ እየጠላኝ ይኑር።